ውኃው ቀድሞን ደረሰ፦ በስኮትላንዷ ኤራይድ ደሴት የገጠመን ጉዳይ

## ለምን እንደምጽፈው

ይህ የአራት ሰዎች የአንድ ከሰዓት በኋላ ታሪክ ነው። ማንም አልሞተም፣ ማንም አልተጎዳም። ግን በጣም ተቃርበን ነበር። ስንነሳ ሁላችንም ጠንቃቆች ነበርን። ሰዓት አይተናል፣ የአካባቢውን ሰው ጠይቀናል፣ ስንቅ ይዘናል። እንዲህ ተዘጋጅቶ የሄደ ሰው እንዴት እንደሚሳሳት ማሳየት ይጠቅማል ብዬ ስላሰብኩ ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው። የሰዎቹን ስም አልጠቅስም። አንዱ እኔ ነኝ።

ጽሑፉ ውስጥ ሰዓት በብዛት ይነሳል። ሌላ ነው ብዬ ካልገለጽኩ በቀር የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር፣ በ24 ሰዓት ነው። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ግልጽ ይሆናል።

## ቦታው

ኤራይድ በስኮትላንድ ምዕራብ፣ ከመል ደሴት ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ጥግ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። ደሴት የምትሆነው ግን በየቀኑ ለተወሰነ ሰዓት ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ከመል ጋር የሚያገናኛት አሸዋ ይወጣል፣ ሰው በእግሩ ይሻገራል። ባሕሩ ሲሞላ አሸዋው ይሰጥማል።

ከግላስጎው እስከ ኦባን በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከኦባን ወደ መል መርከቡ 50 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ከመርከብ ወርዶ እስከ ፊናፎርት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል። መንገዱ አብዛኛው አንድ መኪና ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ከፊት መኪና ሲመጣ ጥግ ይዞ መጠበቅ ግድ ስለሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ከፊናፎርት በስተደቡብ ኖክቮሎጋን የሚባል የእርሻ ቦታ አለ። መኪና እዚያው አቅራቢያ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ እግር ነው።

የሄድንባት ዳርቻ በደሴቷ ደቡብ በኩል ናት። በጌልኛ፣ በስኮትላንድ ነባር ቋንቋ፣ ስሟ «ነጩ ዳርቻ» ማለት ነው። ነጭነቱ የተፈጨ ዛጎል ነው። አሸዋውን እፍኝ ዘግኖ ወደ ዓይኑ ላስጠጋው ሰው እንደ ጥፍር የሳሱ፣ አንዳንዶቹ ወይን ጠጅ መልክ ያላቸው ስብርባሪዎች ይታያሉ። ግራና ቀኙን ሮዝ ግራናይት ቆሞበታል። ውኃው ከላይ ሲያዩት አረንጓዴ ነው፣ ገብተው ሲቆሙበት የእግር ጣት ያስቆጥራል። እጅግ ይቀዘቅዛል። በዚያ ቀን ከእኛ ሌላ ማንም አልነበረም።

በካርታ ላይ ያላት ስም ባልፎርስ ቤይ ነው። ስሙ የመጣው ከሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን ልብ ወለድ ነው። የስቲቨንሰን ቤተሰብ የመብራት ማማ መሐንዲሶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1867 እስከ 1872 ክፍት ባሕር ላይ፣ ዱ አርታክ በሚባል ዐለት ላይ ማማ ሲያቆሙ ድንጋዩ የተፈለጠው ኤራይድ ላይ ነው። ስቲቨንሰን በወጣትነቱ በ1870 እዚህ መጥቷል። በ1886 ባሳተመው ልብ ወለድ ባልፎር የሚባለው ልጅ መርከብ ተሰብሮበት ኤራይድ ላይ ይጣላል። ባሕሩ እንደሚሸሽ ስለማያውቅ በእግሩ መሻገር ሲችል ለቀናት በብርድና በረሃብ ይማቅቃል። የእኛ ጉዳይ የዚያ ግልባጭ ነው። እንደሚሸሽ እናውቃለን፤ መቼ እንደሚመለስ ነው የሳትነው።

## ሰዎቹና ሐሳቡ

አራት ነበርን። መኪና የምነዳው እኔ፣ ግላስጎው ውስጥ ነርስ የሆነች ጓደኛዬ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ታናሽ ወንድሟ፣ እና ከባሕር ዳር ለጥየቃ የመጡ አጎቴ። እሳቸውን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ከስልሳ አልፈዋል። ስኳር አለባቸው፣ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል።

ጉዞው የታሰበው ለእሳቸው ነው። ከፊናፎርት ማዶ አዮና የምትባል ደሴት አለች። ኮሉምባ የሚባል መነኩሴ በ563 ከአየርላንድ መጥቶ ገዳም የመሠረተባት ናት። ጋሼ የጣናን ገዳማት በታንኳም በጀልባም ሲመላለሱባቸው ያደጉ ሰው ናቸው። ስለ አዮና ስነግራቸው «እንደ ዳጋ በላ!» ብለው ተነሱ። ሐሳባችን ቅዳሜ ኤራይድ፣ እሑድ አዮና ነበር። ከእንቁጣጣሽ ጥቂት ቀን ይቀረናል። ጨረቃ ከሞላች ሁለት ቀኗ ነው። ይህ የጨረቃ ነገር በኋላ ይመጣል።

## ስህተቱ የገባበት በር

ቅዳሜ ጠዋት ወጣቱ በስልኩ የባሕሩን ሰዓት አየ። ውኃው ዝቅ ብሎ የሚያበቃው 13:50 ላይ ነው ይላል። ትክክል ነበር።

በድንኳን ያረፍንበት ቦታ ግድግዳ ላይ ደግሞ የታተመ ሠንጠረዥ ተሰቅሏል። ሽፋኑ ላይ «ሰዓቱ የግሪንዊች ነው፤ በሰመር አንድ ሰዓት ጨምሩ» ይላል። ይህም ትክክል ነው። በብሪታንያ ከማርች መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ሰዓት በአንድ ይቀድማል፣ የታተሙ ሠንጠረዦች ግን ብዙ ጊዜ በግሪንዊች ይወጣሉ። ነርሷ ማሳሰቢያውን አንብባ ወንድሟ በነገራት ቁጥር ላይ አንድ ሰዓት ጨመረች። ስልኩ ግን አስቀድሞ ጨምሮታል። 13:50 የነበረው 14:50 ሆነ። ሁለት ትክክለኛ ነገሮች ተጋጥመው አንድ ስህተት ወለዱ።

ከዚያ ለእኔና ለጋሼ በእኛው አቆጣጠር ነገረችን፤ «ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ።» ከዚያ በኋላ ቁጥሩን ከምንጩ ጋር ማስተያየት የቻለ ሰው የለም። ወንድሟ 13:50ን ይዟል፣ እኛ ዘጠኝ ሊሆን አሥር ጉዳይን። የተለያየ ነገር እያሰብን የተስማማን መስሎን ተነሳን።

የድንኳኑ ቦታ ባለቤት «ዝቅ ከሚልበት ሁለት ሰዓት በፊትና ሁለት ሰዓት በኋላ ትሻገራላችሁ፤ ለእርግጠኝነት ግን ከአንድ ሰዓት በላይ አትቆዩ» ብሎን ነበር። በእኔ ስሌት መሻገሪያው እስከ 16:50 ክፍት ነው። በእውነቱ 15:50 ላይ ይዘጋል።

## ሦስት ምልክቶች

አሁን ሳስበው ባሕሩ ሦስት ጊዜ ነግሮን ነበር።

መሻገሪያው ላይ የደረስነው 12:30 ነው። በእኔ ሐሳብ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ መጠበቅ ነበረብን። አሸዋው ግን በሰፊው ተገልጧል፣ የላዩም ደርቋል። «ዕድለኞች ነን» ብለን አለፍን። ያየነው ነገር ከያዝነው ቁጥር ጋር ሲጣላ መጠርጠር የነበረብን ቁጥሩን ነው።

ሁለተኛው ዳርቻዋ ላይ ነው። 14:15 ገደማ ወጣቱ ከውኃ ወጥቶ እየተንቀጠቀጠ «እስከ አራት ሰዓት ነው ያለን» አለኝ። እሱ ከሰዓት በኋላ 16:00 ማለቱ ነው። እዚህ ያደገ ልጅ ነው፣ አማርኛው የኛ፣ ሰዓቱ የፈረንጅ ነው። እኔ የሰማሁት «አራት ሰዓት ያህል ጊዜ አለን» ብሎ ነው። የተጋነነ መሰለኝና «አይ፣ ከዚያ በፊት እንወጣለን» አልኩት። እሱም ደስ ብሎት ተኛ። ትክክለኛው ቁጥር በመካከላችን በአማርኛ፣ ጮክ ተብሎ ተነግሮ ነበር። ሁለታችንም ሰማነው፣ ሁለታችንም አልተግባባንም።

ሦስተኛው ይበልጥ ይቆጨኛል። 14:30 ሲሆን ጋሼ ጫማቸውን አውልቀው ዐለት ላይ ተቀምጠዋል። ውኃውን ትክ ብለው አዩና «ልጄ፣ ይሄ ውኃ እየመጣ ነው ወይስ እየሄደ?» አሉኝ። እኔ የእጅ ሰዓቴን አይቼ «ገና እየሄደ ነው» አልኳቸው። እሳቸው ውኃውን አይተው ጠየቁ፣ እኔ ሰዓት አይቼ መለስኩ። ውኃው መምጣት ከጀመረ አርባ ደቂቃ አልፎት ነበር።

## ባሕሩ እንዴት ይሞላል

ሐይቅ ዳር ላደገ ሰው ይህ አዲስ ነገር ነው። ጣና፣ ሐዋሳ፣ ላንጋኖ ሲሞሉ በክረምት፣ ሲጎድሉ በበጋ ነው። ጠዋት የተቀመጥክበት ድንጋይ ማታም እዚያው ደረቅ ነው። ባሕር ግን በጨረቃና በፀሐይ ስበት በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይሸሻል። ከሙላት እስከ ሙላት 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው። ስለዚህ ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይገፋል። የትናንቱ ሰዓት ለዛሬ አያገለግልም።

ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወጣ ደግሞ ሙላቱም ሽሽቱም ይጠነክራል። ኃይሉ የሚበረታው ከዚያ አንድ ሁለት ቀን ዘግይቶ ነው። እኛ የሄድነው በዚያው ቀን ነው። በዚያ አካባቢ በእንዲህ ያለ ቀን በዝቅታውና በከፍታው መካከል ያለው ልዩነት ከ3 ሜትር ይበልጣል።

የሚያታልለው አመጣጡ ነው። ባሕረኞች ሙላቱን ለአሥራ ሁለት ከፍለው ይቆጥሩታል። በመጀመሪያው ሰዓት አንድ እጅ ይመጣል፣ በሁለተኛው ሁለት እጅ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሦስት ሦስት እጅ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አንድ። ጠቅላላው 3.6 ሜትር ቢሆን በመጀመሪያው ሰዓት 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይጨምራል። ሰው ያንን አይቶ «ቀስ ብሎ ነው» ይላል። በሦስተኛው ሰዓት 90 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። አሸዋው ለጥ ያለ ስለሆነ ደግሞ ትንሽ ከፍታ ብዙ ሜትር ወደ ጎን ይሸፍናል። «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚለው ተረታችን ለዚህ ነገር የተተረተ ይመስላል።

## መሻገሪያው ላይ

ከዳርቻዋ የተነሳነው 15:45 ላይ ነው። መንገዱ ረግረግ አለበት፣ የጋሼ ጉልበትም እረፍት ይፈልጋል። 16:35 ደረስን። ስንመጣ የተራመድንበት አሸዋ የለም። ውኃ ነው፣ ወደ ጎን እየፈሰሰ። ማዶ መኪናችን ያለችበት አቅጣጫ ይታየናል። ይህ በጣም ፈታኝ ነው። ቅርብ ነው፣ ይታያል፣ ቁልፉ በኪሴ ነው፣ የጋሼ የስኳር መድኃኒትና መለኪያ መኪናው ውስጥ ነው።

ወጣቱ ሱሪውን አወለቀ። «ወገብ ቢሆን ነው፤ እየተያያዝን እናልፋለን» አለ። ገባ። ጭኑ ጋ ሲደርስ ውኃው ከጎን ገፋው፣ ከእግሩ ሥር አሸዋው ከዳው። ቆመ። ጋሼ «ተመለስ!» ብለው ጮኹ። እንደዚያ ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም።

ተመለሰ፣ ግን ክርክሩ አላበቃም። እሱ ሌላ ቦታ እንሞክር ይላል። ጋሼ ምንም ሳይናገሩ ምርኩዛቸውን ውኃው ጠርዝ ላይ ተከሉት። «አሥር ደቂቃ እንጠብቅ» አሉ። አሥር ደቂቃው ሳይሞላ ምርኩዙ ስንዝር የሚጠጋ ውኃ ውስጥ ቆሟል፣ ጠርዙም ከኋላችን አልፎ ሄዷል። ልጁ ምርኩዙን አየ፣ ሱሪውን ለበሰ። ሌላ ቃል አላስፈለገም።

ከዚያ ስሌቱን እንደገና ሠራነው፣ በዚህ ጊዜ አራታችንም አንድ ስልክ ላይ አጎንብሰን። ቀጣዩ ዝቅታ ሌሊት 02:15 ነው። ከእኩለ ሌሊት በፊት መሻገር የለም። ፀሐይ 20:00 ገደማ ትጠልቃለች።

ነርሷ ኔትወርክ ፍለጋ ዐለቱ ላይ ወጣች። አንድ መስመር አገኘችና የአደጋ ጊዜ ቁጥር 999 ደውላ ኮስትጋርድ፣ የባሕር ነፍስ አድኖችን፣ ጠየቀች። ስንት እንደሆንን፣ የት እንዳለን፣ አንድ የስኳር ሕመምተኛ እንዳለን፣ ማንም ውኃ ውስጥ እንደሌለ ተናገረች። ያነጋገራት ሰው ረጋ ያለ ነበር። ውኃ ውስጥ አትግቡ፣ በሰሜን በኩል ሰው የሚኖርባቸው ቤቶች አሉ፣ ወደዚያ ሂዱ፣ ስትሻገሩ ደውላችሁ አሳውቁን አላት።

ቤቶቹ ለመብራት ማማ ጠባቂዎች ቤተሰብ የተሠሩ የግራናይት ቤቶች ናቸው፤ አንድ መስመር ይዘው ቆመዋል። ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። ጋሼ ኪሳቸው ውስጥ ዳቦ ቆሎ ነበራቸው፣ በየመቶ እርምጃው እየቆረጠሙ ሄዱ። በሩን የከፈተችልን ሴት ገና ሳንናገር ገባት። ሾርባና ዳቦ ቀረበ፣ ካልሲ ተሰጠን። ጋሼን ከምድጃው አጠገብ አስቀመጧቸው። 19:00 አልፎ ውኃው ሲበቃ በትንሽ ሞተር ጀልባ መል አደረሱን። መኪናችን ዘንድ በመንገዱ ተራምደን ስንደርስ እየጨለመ ነበር። ነርሷ መጀመሪያ የጋሼን ስኳር ለካች፣ ቀጥላ ኮስትጋርድ ደውላ መሻገራችንን ነገረች። ለጀልባው ነዳጅ ብር ብንሰጥ አልተቀበሉንም።

## የበጀንና ያልበጀን

ከሁሉ በላይ የበጀን መቆማችን ነው። ምርኩዙ ባይተከል ኖሮ ልጁ ሁለተኛ ይገባ ነበር፣ እኔም እከተለው ይሆናል። ቀጥሎ የበጀን ቀድመን መደወላችን። ብዙ ሰው ደህና እያለ 999 መደወል ያፍራል፣ «ለዚህች ብዬ» ይላል። ነርሷ ከሥራዋ እንደምታውቀው ቀድሞ የሚመጣ ስልክ ሁሉንም ያቀላል።

ያልበጀን ብዙ ነው። መድኃኒቱና መለኪያው መኪና ውስጥ መቅረቱ ለእኔ ከሰዓቱ ስህተት እኩል ነው። ባትሪ ከአራት ስልክ የሁለቱ ሊያልቅ ነበር። የእጅ ባትሪ አንድም አልያዝንም። ስንመለስ የሚጠብቀን፣ ብንዘገይ የሚጠይቅ ሰውም አልነበረም፤ ለድንኳኑ ቦታ ባለቤት የምንመለስበትን ሰዓት ብንነግረው ምንም አያስከፍልም ነበር።

## ለሌላ ቦታም የሚሆነው

የሁለት አቆጣጠር ነገር የባሕር ብቻ አይደለም። ነርሷ እንደነገረችኝ ሐበሻ ታካሚ «ሦስት ሰዓት» ተብሎ በስልክ የተነገረውን ቀጠሮ ጠዋት 09:00 መስሎት ሲመጣ በተደጋጋሚ አይታለች፤ የተያዘለት 15:00 ነው። በቤታችን ውስጥ በእኛው አቆጣጠር እንነጋገር፣ ደስ ይላል። ሕይወት የሚያያዝበት ሰዓት ግን ከምንጩ እንደተገለበጠ፣ በ24 ሰዓት፣ በጽሑፍ ለሁሉም ይድረስ። አሁን የምናደርገው የሠንጠረዡን ፎቶ ራሱን መላላክ ነው፤ ቁጥር በቃል አናስተላልፍም። የሰመር ሰዓት ተጨምሮበት እንደሆነም ሥሩ ላይ እንጽፋለን።

መያዝ ያለበት ቁጥር ውኃው የሚያንስበት ሰዓት ሳይሆን ከዳርቻው የምንነሳበት ነው። ዝቅታው 13:50 ከሆነና እስከ 14:50 ለመሻገር ካሰብን፣ ጋሼ ደግሞ ሃምሳ ደቂቃ ከፈጀባቸው፣ 14:00 ላይ መነሳት አለብን። የሚቆጠረው የቀርፋፋው ሰው እግር ነው። ዳርቻዋ ላይ ብዙ መቆየት የሚፈልግ ባሕሩ ገና እየሸሸ ሳለ ቀድሞ ይሻገር።

መሻገሪያው ላይ እንደደረሱ እንጨት መትከል አሥር ደቂቃ ነው የሚወስደው። ውኃው ከእንጨቱ እየራቀ ነው ወይስ እየቀረበ? መልሱ ከሠንጠረዡ ጋር ካልተስማማ ጉዞው ይቅር።

ከተያዙ ወደ ላይ ይወጣል፣ አይሻገርም። በብሪታንያ 999 የራስ ኩባንያ ኔትወርክ ባይኖርም በሌላው ያልፋል፣ ስለዚህ መስመር የለም ብሎ ሳይሞክሩ መቅረት አይገባም። ስኳር ያለበት ሰው መድኃኒቱም መለኪያውም ምግቡም አብሮት ይሂድ፣ መንገዱ የአንድ ሰዓት ቢሆንም።

## ከዚያ ወዲህ

እሑድ አዮና ሄድን። መርከቧ አሥር ደቂቃ ነው የምትፈጀው። ጋሼ ገዳሙ ግቢ ውስጥ ጫማቸውን አውልቀው ቆዩ፤ ማንም ምንም አላላቸውም። ለኤራይድ ቤቶች ከግላስጎው ሁለት ኪሎ የይርጋጨፌ ቡና ላክን።

በዓመቱ ጋሼ ባይኖሩም ሦስታችን ተመለስን፤ ዳርቻዋ ያለ ጥርጥር መመለስ የሚገባት ናት። የሠንጠረዡ ፎቶ በሦስታችንም ስልክ አለ። ስንመለስ መሻገሪያው ላይ ቆመን ባሕር ዳር ደወልን። ጋሼ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ «ውኃው እየመጣ ነው ወይስ እየሄደ?» አሉ። ስልኩን ይዤ ጠርዙ ድረስ ወረድኩና የተከልነውን እንጨት አይቼ ነገርኳቸው።